ጎማው ወዴት ያያል? የስፖርት መኪና አላይመንት ለመንገድና ለትራክ

ለወላጆችም፣ መኪና ለሚወዱ ልጆቻችንም

ኤፕሪል ሲገባ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ሁለት ነገር አብሮ ብቅ ይላል፤ ከበረዶው ስር የመንገዱ ጉድጓድ፣ ከየጋራዡ ደግሞ የብርዱን ወራት ተሸፍና የከረመች የስፖርት መኪና። ሁለቱ ሲገናኙ ወጪ ይመጣል።

በየቤታችን ያለውን ጭቅጭቅ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ልጅ ሥራ ይዞ ትንሽ ገንዘብ አጠራቅሟል፤ ያገለገለች ማዝዳ ሚያታ ልግዛ ይላል። እናት «ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ መኪና ምን ታደርግልሃለች?» ትላለች። አባት ዝም ብሎ ኢንሹራንሱን ያሰላል። የልጁ ሐሳብ ግን ሌላ ቦታ ነው፦ «አባዬ፣ አላይመንቷን ለትራክ ነው የማስተካክላት።»

አባት «አላይመንት» የሚለውን ቃል ያውቀዋል። በታክሲ ወይም በኡበር ሥራ የሚተዳደር ሰው፣ ጎማ በአንድ ወገን ብቻ ተበልቶ ስንት እንዳስወጣው አይረሳም። የማያውቀው «ለትራክ» የሚለውን ነው። ልጁ ደግሞ ትራኩን በቪዲዮ አይቶታል፤ በዚያው ማእዘን በየቀኑ በአይ-94 ላይ ቢነዳ ጎማው ምን እንደሚሆን ግን አላሰበበትም። ሁለቱም ግማሽ ግማሽ እውቀት ይዘዋል። እስቲ ዛሬ ሁለቱን ግማሾች አንድ ላይ እናድርጋቸው።

ሦስቱ ማእዘኖች

አላይመንት ማለት አራቱ ጎማዎች ከመሬቱ ጋር፣ እርስ በርሳቸውና ከመኪናው አካል ጋር የሚኖራቸውን አቋም ማስተካከል ነው። ከባላንስ ጋር አይምታታባችሁ። ባላንስ የጎማውና የቸርኬው ክብደት ዙሪያውን እኩል እንዲሆን ትንንሽ ክብደት መለጠፍ ነው። መኪናው በፍጥነት ሲሄድ መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጉዳዩ የባላንስ ነው። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ወደ አንድ ወገን የሚጎትት ከሆነ ወይም መሪው ጠምዘዝ ብሎ ካልተያዘ ቀጥ ብሎ የማይሄድ ከሆነ ግን አላይመንቱን ጠርጥሩ።

የመጀመሪያው ማእዘን ካምበር ይባላል። ሁለት መዳፋችሁን ከፊታችሁ ትይዩ አቁሙ፣ ጣቶቻችሁ ወደ ላይ ይሁኑ። እነዚህ ከፊት ሆናችሁ የምታዩአቸው ሁለት ጎማዎች ናቸው። አሁን የጣቶቻችሁን ጫፍ እርስ በርስ አቀራርቡ። የጎማዎቹ አናት ወደ ውስጥ ዘንበል አለ ማለት ነው፤ ይህ ኔጌቲቭ ካምበር ነው። ወደ ውጭ ካዘነበላችሁት ፖዘቲቭ ይሆናል።

ሁለተኛው ቶ ነው፤ ስሙ የመጣው ከእግር ጣት ነው። ቆማችሁ ወደ እግራችሁ ተመልከቱ። የሁለቱ እግሮች ጣቶች ወደ ውስጥ ከተያዩ ቶ-ኢን፣ ወደ ውጭ ከተፈናጠሩ ቶ-አውት ይባላል። ጎማም እንደዚሁ ነው።

ሦስተኛው ካስተር ነው። የብስክሌት የፊት ሹካ ቀጥ ብሎ እንደማይቆም፣ ወደ ኋላ ጋደል እንደሚል ልብ በሉ። በመኪናም መሪው የሚዞርበት መስመር እንዲሁ ወደ ኋላ ጋደል ይላል። ከኩርባ ስትወጡ መሪው በራሱ ወደ መሐል የሚመለሰው፣ መኪናውም በሃይዌይ ላይ ቀጥ ብሎ የሚሄደው በአብዛኛው በካስተር ምክንያት ነው።

ትራክ ለምን ሌላ ማእዘን ይፈልጋል?

አዲስ አበባ በአንበሳ አውቶቡስ ቆማችሁ ሄዳችሁ ከሆነ መልሱን ሰውነታችሁ ያውቀዋል። አውቶቡሱ ወደ ግራ ሲታጠፍ ሰው ሁሉ ወደ ቀኝ ይጋደማል። የመኪናውም አካል እንዲሁ ነው። በፍጥነት ወደ ግራ ስትታጠፉ አካሉ ወደ ቀኝ ያጋድላል፣ የቀኝ ጎማዎችም አብረውት ወደ ውጭ ይጋደላሉ። አብዛኛውን ክብደት የተሸከመው ያ የቀኝ ጎማ፣ በሙሉ ፊቱ አስፋልቱን በመያዝ ፈንታ በውጭ ጠርዙ ላይ ይቆማል። መያዣው ይቀንሳል፣ ጠርዙም እንደ ላጲስ ይፋቃል።

ስለዚህ ትራክ ላይ የሚነዱ ሰዎች ጎማውን አስቀድመው ወደ ውስጥ ያዘነብሉታል። መኪናው ኩርባው ውስጥ ገብቶ ሲያጋድል ያ ዝንባሌ ይካካስና ጎማው በሙሉ ፊቱ አስፋልቱን ይይዛል። ለምሳሌ ከ2.5 እስከ 3 ዲግሪ ኔጌቲቭ ካምበር በትራክ ላይ የተለመደ ነው። ከፋብሪካ የወጣ የቤተሰብ መኪና ግን ብዙውን ጊዜ ከ1 ዲግሪ አይበልጥም።

ቶም እንዲሁ ይቀየራል። የፊት ጎማ ትንሽ ቶ-አውት ሲኖረው መኪናዋ መሪ ገና ሲነካ ወደ ኩርባው ትገባለች። ኮን እየዞረ በሰዓት ለሚወዳደር ሰው ይህ ጥሩ ነው። በ60 ማይል ፍጥነት ቡና ይዞ ወደ ሥራ ለሚሄድ ሰው ግን መኪናዋ አስፋልቱ ላይ ያለውን መስመርና ስንጥቅ ሁሉ እየተከተለች ግራና ቀኝ ታንከራትተዋለች።

አንድ ነገር ግን በመንገድም በትራክም አይቀየርም። የኋላ ጎማ ቶ-አውት እንዲኖረው አታድርጉ። እንደ ሚያታ የኋላ ጎማ በሚነዳት መኪና ላይ፣ ኩርባ መሐል ነዳጅ ሲለቀቅ ጅራቷ ድንገት ሊያመልጥ ይችላል፤ ዝናብ ካለ ደግሞ ይብሳል። የኋላው ምንጊዜም ትንሽ ቶ-ኢን ይኑረው።

መንገድ ከውስጥ፣ ትራክ ከውጭ ይበላዋል

አሁን ወደ አባት ሒሳብ እንመለስ። 3 ዲግሪ ወደ ውስጥ የተዘነበለ ጎማ በቀጥታ መንገድ ላይ የሚቆመው በውስጥ ጠርዙ ነው። ከሴንት ፖል ወደ ብሩክሊን ፓርክ ስትመላለሱ ኩርባው ስንት ነው? አብዛኛው ቀጥታ ነው። ስለዚህ የመንገድ አላይመንት ይዞ ትራክ የሚነዳ ሰው ጎማውን ከውጭ ይበላል፤ የትራክ አላይመንት ይዞ መንገድ የሚነዳ ደግሞ ከውስጥ ይበላል። የውስጡ የከፋ የሚሆነው ስለማይታይ ነው። መኪናው ቆሞ ከውጭ ሲያዩት ጎማው አዲስ ይመስላል፣ ከውስጥ በኩል ግን ሽቦው ሊወጣ ይችላል።

ጎማን ከካምበር ይልቅ ቶሎ የሚጨርሰው ግን ቶ ነው። እስቲ አብረን እናስላ። 25 ኢንች ቁመት ያለው ጎማ እንውሰድ፤ የብዙ አነስተኛ መኪናዎች ጎማ ወደዚህ ይጠጋል። የጎማው የፊት ጠርዝ ከኋላ ጠርዙ ይልቅ በ1/16 ኢንች ብቻ ወደ ውስጥ ገባ እንበል። ይህን በ25 ስናካፍለው 0.0025 ይሆናል። አንድ ማይል 5,280 ጫማ ስለሆነ፣ ጎማው በእያንዳንዱ ማይል 13 ጫማ ያህል ወደ ጎን እየተጎተተ ይሄዳል ማለት ነው። በዓመት 12,000 ማይል ለሚነዳ ሰው 30 ማይል የጎን ጉተታ ይሆናል። 40,000 ማይል ለሚነዳ ባለ ታክሲ ደግሞ 100 ማይል። ያ ሁሉ የሚሆነው በዓይን በማይታይ ልዩነት ነው።

ከዚህ የምንማረው አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። መኪናዋን ለመንገድም አልፎ አልፎ ለትራክም መጠቀም የሚፈልግ ሰው ካምበሩን መካከለኛ አድርጎ ቶውን ወደ ዜሮ ቢያስጠጋ ሁለቱንም ሳይጎዳ መሐል ላይ ይገኛል። መጠነኛ ካምበር ብቻውን ጎማን ቀስ ብሎ ነው የሚበላው። ካምበር ከተሳሳተ ቶ ጋር ሲደመር ነው ጎማ በጥቂት ወራት የሚያልቀው።

ለየትኛው ኑሮ የትኛው ቁጥር?

የሚከተሉት ቁጥሮች ለሚያታና ለመሰል ቀላል መኪናዎች መነሻ እንጂ ሕግ አይደሉም። የመኪናዋ ዓመተ ምህረት፣ ከፍታዋና የጎማዋ ዓይነት ይለያያል። ቶ የተጻፈው የሁለቱ ጎማዎች ድምር ሆኖ ነው።

በየቀኑ ለሥራና ለትምህርት ቤት የምትሄድ፦ የፊት ካምበር ከ0.5 እስከ 1 ዲግሪ ኔጌቲቭ፣ የኋላ ከ1 እስከ 1.5 ኔጌቲቭ፤ ቶ ከፊትም ከኋላም ትንሽ ወደ ውስጥ፣ ከ1/16 እስከ 1/8 ኢንች።

በየቀኑ የምትነዳ፣ በወር አንድ ቀን የምትወዳደር፦ ካምበር ከፊትም ከኋላም 1.5 ዲግሪ አካባቢ ኔጌቲቭ፤ የፊት ቶ ዜሮ፣ የኋላ ቶ ከ1/16 እስከ 1/8 ኢንች ወደ ውስጥ።

በአብዛኛው ለትራክ የተቀመጠች፦ የፊት ካምበር ከ2.5 እስከ 3 ዲግሪ ኔጌቲቭ፣ የኋላ ከ2 እስከ 2.5፤ የፊት ቶ ዜሮ፣ የኋላ ትንሽ ወደ ውስጥ።

ካስተር በሦስቱም ላይ ግራና ቀኝ እኩል ይሁን።

ሁሉም መኪና እኩል አይስተካከልም። ሚያታ እ.ኤ.አ. በ1989 ለሕዝብ ከቀረበችበት ጊዜ ጀምሮ አድናቂ የበዛላት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ በአራቱም ጎማ ካምበርና ቶ የሚስተካከልበት ቡሎን ከፋብሪካው አላት። ሱባሩ ቢ.አር.ዜድ እና ቶዮታ 86 ግን ከፊት በኩል የካምበር ማስተካከያ የላቸውም፤ ልዩ ቡሎን ወይም ሌላ ዕቃ መግዛት ያስፈልጋል። ልጃችሁ «አስተካክላታለሁ» ሲል «በምን?» ብላችሁ ጠይቁት።

ካምበር ሲነካ ቶም አብሮ ይቀየራል፤ ስለዚህ ቶ ምንጊዜም መጨረሻ ላይ ነው የሚሠራው። «ለትራክ ቀን ካምበሩን ብቻ ላውርድ፣ ማታ መልሼ አወጣዋለሁ» የሚለው ሐሳብ በዚህ ይፈርሳል። መኪናዋን በአጭር ሞላ ዝቅ ማድረግም ያው ነው። ዝቅ ባለች ቁጥር ካምበሩም ቶውም ስለሚንቀሳቀስ ከዝቅታው በኋላ አላይመንት ግድ ነው።

የሚኒሶታ ጨውና የዛገ ቡሎን

ካሊፎርኒያ የተሠራ ቪዲዮ የማይነግራችሁ ነገር አለ፤ ጨው። የማስተካከያው ቡሎን ቀዳዳው ከመሐል ፈንጠር ያለ ክብ ዲስክ አለው። ሲዞር የጎማውን ክንድ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ይገፋል። እዚህ አገር መንገድ ላይ የሚፈሰው ጨው ዓመት በዓመት ሲገባበት ቡሎኑ ከያዘው የብረት ቱቦ ጋር በዝገት አንድ አካል ይሆናል። መካኒኩ ቁልፍ ሲያስገባበት አይዞርም። ያኔ አንድ ሰዓት የማይሞላ ሥራ፣ በመጋዝ ቆርጦ አዲስ ክንድና ቡሎን እስከ መግጠም ይደርሳል። ወጪውም ከአላይመንቱ ዋጋ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ያገለገለች የስፖርት መኪና ከመግዛታችሁ በፊት በሊፍት ላይ አስነስታችሁ አስመርምሩ። መካኒኩን «የአላይመንቱ ቡሎኖች ይንቀሳቀሳሉ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። ሚኒሶታ በየዓመቱ የመኪና ደህንነት ምርመራ አታስገድድም። አገር ቤት ቦሎ ለማውጣት መኪና እንደሚመረመር እዚህ የሚመረምርላችሁ የለም፤ ኃላፊነቱ የገዢው ነው።

ጉድጓዱም አለ። ቀን የቀለጠው በረዶ አስፋልቱ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፣ ሌሊት ሲበርድ ይሰፋል፣ በበነጋው የመኪና ክብደት ሲወርድበት አስፋልቱ ይፈነቀላል። የስፖርት መኪና ጎማ ዝቅተኛ ግድግዳ ስላለው ከጉድጓዱ የሚመጣውን ምት ቸርኬውና ክንዱ ይቀበሉታል። ትልቅ ምት ከተሰማችሁና ከዚያ ወዲህ መሪው ካጋደለ አትዘግዩ። በሚኒያፖሊስ ከተማ ውስጥ ጉድጓዱን በ311 ማሳወቅ ትችላላችሁ።

የጎማ ንፋስም አይረሳ። አየሩ በ10 ዲግሪ ፋራናይት በቀዘቀዘ ቁጥር የጎማ ንፋስ በ1 ፒ.ኤስ.አይ ገደማ ይወርዳል። በ60 ዲግሪ የተሞላ ጎማ ከዜሮ በታች 10 ሲደርስ ወደ 7 ፒ.ኤስ.አይ ያጣል ማለት ነው። ንፋሱ ትክክል ሳይሆን አላይመንት ማሠራት ገንዘብ መጣል ነው።

ሾፕ ስትሄዱ

ብዙዎቹ ሾፖች በየጎማው ላይ ሰሌዳ አስረው በካሜራ ይለካሉ። ውጤቱ በስክሪን ላይ በአረንጓዴና በቀይ ይወጣል። አረንጓዴ ማለት ፋብሪካው ከፈቀደው ክልል ውስጥ ነው ማለት ብቻ ነው፤ ክልሉ ደግሞ ሰፊ ነው። ግራው 0.2፣ ቀኙ 1.2 ሆኖ ሁለቱም አረንጓዴ ሊሆኑ ይችላሉ፤ መኪናዋ ግን ትጎትታለች። ስለዚህ ቀለሙን ትታችሁ ቁጥሩን ጠይቁ።

ከሥራው በፊት እነዚህን ተናገሩ፦

የምትፈልጉትን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ። «ለስፖርት አድርግልኝ» ብቻ ብትሉ ምን እንደምትፈልጉ ላይገባቸው ይችላል። ከፋብሪካ ቁጥር ውጭ የማይሠሩ ሾፖችም ስላሉ አስቀድማችሁ ደውሉ።

የላላ ነገር ካለ መጀመሪያ ይቀየር። ኩሽኔታ ወይም የመሪ ዘንግ ጫፍ ከላላ ዛሬ የተስተካከለው ነገ ይጠማል።

ከኋላ ጀምረው ወደ ፊት ይሥሩ፤ የፊቱ ቶ መጨረሻ ይሁን፣ መሪውም ቀጥ ብሎ ይታሰር።

ለትራክ ከሆነ የሾፌሩን ያህል ክብደት ወንበሩ ላይ ይቀመጥ። ቀላል መኪና ላይ የአንድ ሰው ክብደት ማእዘኑን ይቀይራል።

የበፊትና የበኋላ ቁጥር የታተመበትን ወረቀት ተቀበሉና አስቀምጡ። የሚቀጥለው ዓመት ምርመራ የሚነጻጸረው ከእሱ ጋር ነው።

የቤተሰቡ መኪና አዲስ ከሆነና መስመር የሚጠብቅ ካሜራ ካለው፣ ከአላይመንቱ በኋላ የመሪው ሴንሰር ወይም ካሜራው እንደገና መስተካከል ያስፈልገው እንደሆነ ጠይቁ።

ፍጥነቱ የት ይነዳ?

የዚህ ጽሑፍ ዋና ቁም ነገር እዚህ ነው። ለትራክ የተስተካከለች መኪና ይዞ ትራክ የሌለው ወጣት መንገዱን ትራክ ያደርገዋል። በሌሊት በየመገናኛው መኪና እያሽከረከሩ የሚሰበሰቡ ወጣቶችን መንታዎቹ ከተሞች አይተዋል፤ ጉዳቱንም አይተዋል። የሚኒሶታ ሕግ በሕዝብ መንገድ ላይ መወዳደርን እንደ አደገኛ አነዳድ ይቆጥረዋል። ሁለት መኪናዎች ማን ይቀድማል ብለው ከተፎካከሩ፣ ከተፈቀደው ፍጥነት በታች ቢሆኑ እንኳ ጥፋት ነው። ብዙ ልጆች ይህን አያውቁም፤ ወላጆችም አንነግራቸውም።

«አይሆንም» ብቻ ማለት ልጁን ከቤት ውጭ ወዳለው ምክር ይገፋዋል። ሌላ መልስ አለ። ከሴንት ፖል ወደ ደቡብ ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲነዳ ሮዝማውንት ላይ ዳኮታ ካውንቲ ቴክኒካል ኮሌጅ ይገኛል። ኮሌጁ የመንዳት ማሰልጠኛ ሜዳ አለው፤ የአካባቢው የስፖርት መኪና ክለቦችም እዚያ ሞዋግ የሚባለውን ተከታታይ የአውቶክሮስ ውድድር ሲያካሂዱ ኖረዋል።

አውቶክሮስ ማለት በኮን በተሠራ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ አንድ በአንድ በሰዓት መነዳት ነው። ከጎንህ የሚሽቀዳደም መኪና የለም። ብትሳሳት የምትመታው የላስቲክ ኮን ነው፤ በአብዛኛው ለአንድ ኮን 2 ሰከንድ ይጨመርብሃል። ሄልሜት ግዴታ ነው። ከመነዳቱ በፊት መኪናው ይመረመራል፤ የጎማ ዳዶ መጥበቁ፣ ባትሪው መታሰሩ፣ ፍሬኑ መሥራቱ፣ ውስጥ የሚንከባለል ዕቃ አለመኖሩ ይታያል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? እዚያ ከሩጫው በፊት ነው የሚታጠቀው። የነዳ ሁሉ ደግሞ ተራው ሲደርስ ሜዳ ላይ ቆሞ ለሌላው ኮን ያነሳል፤ የእኛ ወንፈል ማለት ነው።

ከዚያ ከፍ ያለ ፍጥነት የሚፈልግ ወደ ሰሜን ይሄዳል። ከመንታዎቹ ከተሞች ከሁለት ሰዓት በላይ በሚያስነዳ ርቀት ብሬነርድ ኢንተርናሽናል ሬስዌይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1968 ዶኒብሩክ በሚል ስም ሲከፈት 3.1 ማይል ርዝመት ነበረው፤ በኋላ 2.5 ማይል የሆነ ሌላ መንገድ ተጨምሮለታል። ስሙ የተወሰደው በውድድር ሕይወታቸው ካለፈ ሁለት ሾፌሮች ነው። ስለዚህ ትራክም ቀልድ አይደለም። እዚያ ልጃችሁ ከአስተማሪ ጋር እንዲጀምር አድርጉ።

ሁለት ነገር ለወላጅ። አንደኛ፣ ልጁ ከ18 ዓመት በታች ከሆነ የወላጅ ፊርማ ይጠየቃል፤ ሳታነቡ አትፈርሙ። ሁለተኛ፣ ብዙ የመኪና ኢንሹራንሶች ትራክ ላይ የደረሰን ጉዳት አይሸፍኑም። ውላችሁን አንብቡ ወይም ደውላችሁ ጠይቁ።

ሙያም ነው። ማእዘን መለካት፣ ቁጥር ማንበብ፣ የዛገ ቡሎን መፍታት የሚችል ወጣት ሥራ አያጣም። ዳኮታ ካውንቲ ቴክኒካል ኮሌጅ፣ ሄነፒን ቴክኒካል ኮሌጅና ሚኒያፖሊስ ያለው ደንዉዲ የመኪና ጥገና ያስተምራሉ። በሚያታ የጀመረ ፍቅር እዚያ ሊያደርስ ይችላል።

ለልጆች፦ የጎማ መርማሪ ሁኑ

እነዚህን ከአባታችሁ፣ ከእናታችሁ ወይም ከአጎታችሁ ጋር ሥሩ። መኪናው ጠፍጣፋ መሬት ላይ ይቁም፣ ሞተሩ ይጥፋ፣ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ። በክሪክ የተነሳ መኪና ስር በፍጹም አትግቡ።

የሳንቲም ምርመራ፦ የሊንከን ምስል ያለበትን ፔኒ ራሱን ወደ ታች አድርጋችሁ የጎማው ቦይ ውስጥ አስገቡ። የሊንከን አናት ሙሉ በሙሉ ከታየ ጎማው አልቋል። በውስጥ ጠርዝ፣ በመሐልና በውጭ ጠርዝ ለየብቻ ሞክሩ። ሦስቱ ቦታዎች እኩል ናቸው?

የመዳፍ ምርመራ፦ መጀመሪያ ሽቦ ያልወጣበት መሆኑን ትልቅ ሰው ይይላችሁ። ከዚያ መዳፋችሁን በጎማው ፊት ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ አሻሹ። በአንድ በኩል ለስላሳ፣ በሌላው በኩል እንደ መጋዝ ሻካራ ከሆነ ቶው ተሳስቷል።

የሜትር ምርመራ፦ ሁለት ሆናችሁ በሁለቱ የፊት ጎማዎች መካከል ያለውን ርቀት ከጎማዎቹ ፊት ለፊት፣ ቀጥሎ ከጀርባቸው በእኩል ከፍታ ለኩ። የፊቱ ካነሰ ቶ-ኢን፣ ከበለጠ ቶ-አውት ነው። ልዩነቱ በጣም ትንሽ ስለሆነ ሦስት ጊዜ ለኩ።

የጠመኔ ምርመራ፦ አውቶክሮስ ለማየት ከሄዳችሁ፣ ሾፌሩን አስፈቅዳችሁ ከጎማው ፊት ጀምራችሁ እስከ ጎኑ ድረስ በጠመኔ መስመር አስምሩ። ነድቶ ሲመለስ ጠመኔው እስከ የት ተፋቀ? ወደ ጎኑ ወርዶ ከተፋቀ ጎማው በጠርዙ ቆሟል ማለት ነው፤ ካምበር ወይም ንፋስ ያስፈልገዋል።

የአባት ቃላት፦ አገር ቤት ጋራዥ ውስጥ ያሉ ብዙ ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ጎማ የሚጠግነው ሰው ጎሚስታ፣ ጎማው የሚታሰርበት ብረት ቸርኬ፣ ማቆሚያው ፍሬን፣ ማንሻው ክሪክ ይባላል። ቡሎንና ዳዶስ? አባታችሁን ጠይቁና እንግሊዝኛውን እናንተ ንገሩት።

ከመወሰናችሁ በፊት

መኪናዋ ካለፈው ወር ማይሏ ውስጥ ስንቱን በሃይዌይ፣ ስንቱን በትራክ እንደነዳች ልጁ በወረቀት ይጻፍ። ከ100 ማይል 95ቱ ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ቤት ከሆነ፣ የመካከለኛው ቁጥር ይበቃዋል። 3 ዲግሪውን የሚፈልግ ከሆነ ደግሞ ለትራክ ብቻ የሚሆን ሌላ ጎማና ቸርኬ፣ የሚያስቀምጥበት ቦታና የሚያደርሰው ገንዘብ እንዳለው አብራችሁ አስሉ። የአውቶክሮሱ ወቅት ከበረዶው በኋላ ተጀምሮ እስከ መኸር ይቆያል። ገንዘብ ሳታወጡ አንድ እሑድ አብራችሁ ሂዱና ቆማችሁ እዩ። ከዚያ በኋላ ስለ መኪናዋ የሚኖራችሁ ንግግር እንደ ቀድሞው ጭቅጭቅ አይሆንም።